የጓሯችን ተምር ለምን አላፈራም?



ረመዳን ባለፈ ቁጥር የሚደርሱን ጥያቄዎች አንድ ዓይነት መልክ አላቸው። ጾሙ ያልፋል፣ የኢፍጣሩ ተምር ያልቃል፣ ዘሩ ግን በየቤቱ በጣሳ አፈር ውስጥ ተቀብሮ ይቀራል። ሁለትና ሦስት ወር ቆይቶም «በቅሏል፤ መቼ ነው የምንበላው?» የሚል ጥያቄ ከልጆች ይመጣል። ሰሞኑን ደግሞ ከነጌሌ ቦረና አንድ አባወራ ጠንከር ያለ ጥያቄ ልከውልናል። በግቢያቸው ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት የሞላው የተምር ዛፍ አለ። ቁመቱ የቆርቆሮውን ጣራ አልፏል፤ ፍሬ ግን አንድም ቀን አልሰጠም። ባለቤታቸው «ይቆረጥና ቦታው ለማድ ቤት ይዋል» ይላሉ፤ ልጆቹ ደግሞ ዛፉን አቅፈው ያለቅሳሉ። «ምን ትመክሩናላችሁ?» ነው ጥያቄው።

ለኚህ ወንድማችን ከመጽሐፍ ብቻ ቀድተን መልስ መስጠት እንችል ነበር። ነገር ግን ይኸው ጥያቄ በእኛም ቤት ለብዙ ዓመታት ተቀምጦ የኖረ በመሆኑ፣ በቅድሚያ የራሳችንን ዛፍ ታሪክ ማውሳት ግድ ሆነብን።

አባታችን (አላህ ይዘንላቸውና) ሐጅ ያደረጉት በ1429 ዓመተ ሒጅራ፣ ማለትም በ2001 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ እኛ ገና የመሰናዶ ተማሪዎች ነበርን። ከመዲና ይዘውት ከመጡት ውስጥ ዘምዘሙና ተምሩ በሁለት ቀን ውስጥ ለጎረቤት ተከፋፍሎ አለቀ። ተምሩ ዐጅዋ የሚባለው፣ ጠቆር ያለው የመዲና ተምር ነበር። አባታችን ከሁሉ አስቀድመው ሰባት ዘር መርጠው በመሐረባቸው ቋጠሩ። ሰባት ያደረጉትም ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ስለ ዐጅዋ የተነገረውን ሐዲስ የሚያውቅ ምክንያቱን ያውቀዋል። ዘሮቹን በአንድ የተቆረጠ የዘይት ቆርቆሮ ውስጥ ተከሏቸው። ሦስቱ በቀሉ። አንዱን ፍየል በላው፣ አንዱን ምስጥ ከሥሩ ጨረሰው፣ አንዱ ተረፈ።

ያ አንዱ በጓሯችን፣ ከውዱእ ማድረጊያው ድንጋይ ሁለት እርምጃ ርቆ ተተከለ። አባታችን በ2006 ዓ.ም. ወደ አኼራ ሲሄዱ ዛፉ ገና የሰው ቁመት አልደረሰም ነበር። ከዚያ በኋላ ስሙ ተለወጠ፤ «ተምሩ» መባሉ ቀርቶ «የአባባ ዛፍ» ተባለ። እናታችን ውዱእ ያደረጉበት ውሃ ወደ ሥሩ እንዲወርድ በጭቃ ቦይ ሠሩለት።

በ2009 ዓ.ም. የካቲት ላይ ከቅርንጫፎቹ መካከል አንድ ቡናማ ሰገባ ብቅ አለ። ሰገባው ሲሰነጠቅ ነጭ፣ ጥቅጥቅ ያለ አበባ ወጣ። እናታችን ያን ዕለት ቡና አፍልተው ጎረቤት ጠሩ። አበባው ግን በሁለት ሳምንት ውስጥ እንደ ዱቄት ያለ ብናኝ አራግፎ ደረቀና ወደቀ። በዓመቱም እንዲሁ፤ በሦስተኛውም ዓመት እንዲሁ። የሰፈር ሰው ይናገር ጀመር። ገሚሱ «መካን ነው» አለ፤ ገሚሱ «ዓይን ነው ያገኘው» አለ። አንድ የሚያከብሩን ሰው ደግሞ ከግንዱ ላይ ሒርዝ ብናስርበት እንደሚሻል መክረውናል። በሰው ላይ የማይገባ ነገር በዛፍ ላይ እንዴት እንደሚገባ ያን ጊዜም አልገባንም፤ አላሰርንምም። ነገር ግን ምክንያቱን እኛም አናውቅም ነበርና ዝም አልን።

ከዚያ ድርቁ መጣ። ከ2013 ዓ.ም. መኸር ጀምሮ እስከ 2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ድረስ በቦረናና በአካባቢው ቆላ አምስት የዝናብ ወቅቶች ተከታትለው እንደከሸፉ ከአንባቢዎቻችን ብዙዎች በዓይናቸው አይተዋል። ገና ሳይዘንብ ያልፋል፤ ሐገያ ሳይዘንብ ያልፋል። ከብት አለቀ፤ መቶ ላም የነበረው ሰው እጁን ይዞ ከተማ ገባ። በእንዲህ ያለ ጊዜ ውሃ በጄሪካን እየተገዛ ለማያፈራ ዛፍ መስጠት ይገባል ወይ የሚለው ጥያቄ በቤታችን ውስጥ ከባድ ክርክር አስነሳ። ታላቅ ወንድማችን «ከብት እየሞተ ለዚህ ጠብታ ውሃ ማፍሰስ ነውር ነው» አለ። እውነቱን ነበር። እናታችን «ከጄሪካኑ አልሰጠሁትም፤ ከውዱኤ ነው» አሉ። እሳቸውም እውነታቸውን ነበር። ክርክሩ በዚህ አላበቃም፤ ወንድማችን መጥረቢያ አስልቶ ያስቀመጠበት ሳምንት ነበር።

በ2014 ዓ.ም. የካቲት፣ ድርቁ በከፋበት ወራት፣ ከዶሎ በኩል የመጡ አንድ እንግዳ እኛ ዘንድ አደሩ። በወጣትነታቸው በሳዑዲ ዓረቢያ በተምር እርሻ ላይ ሠርተው የተመለሱ ሰው ናቸው። ሱብሒ ሰግደው ወደ ጓሮ ሲወጡ ዛፉ አብቦ አገኙት። ቀና ብለው አይተው ሳቁ።

«ኡስታዝ፣ ይህን ከማን ነው ስትጠብቁ የኖራችሁት?» አሉን።

«ከአላህ» አልናቸው።

«ከአላህማ ሁሉም ከአላህ ነው። ግን እኮ ይህ ፈሕል ነው፤ ወንድ ነው። ከኮርማ ወተት ትጠብቃላችሁ?»

አንባቢዎቻችን ይፍረዱብን። እኛ ጧት ጧት መድረሳ፣ ከዚያ በኋላ መደበኛ ትምህርት ቤት ስንመላለስ ያደግን፣ ዛሬም በሁለቱም ወገን የምናስተምር ሰዎች ነን። በመድረሳ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በመዲና የተምር ዛፎችን በሚያዳቅሉ ሰዎች አጠገብ ያለፉበትን ሐዲስ ተምረናል። ይህ በሰሒሕ ሙስሊም የተዘገበው ሐዲስ ነው። ሰዎቹ የወንዱን አበባ በሴቷ ውስጥ ያስገቡ ነበር። ነቢዩ ይህ የሚጠቅም እንደማይመስላቸው ተናገሩ፤ ሰዎቹም ተዉት። በዚያ ዓመት ምርቱ ተበላሸ። ይህ ሲነገራቸው በዱንያ ጉዳያቸው እነርሱ ይበልጥ አዋቂዎች መሆናቸውን ገለጹላቸው። ይህን ሐዲስ ስንማር ዓረብኛውን ሐረግ በሐረግ ተርጉመናል፤ «ሺስ» የሚለውን ቃል «መጥፎ ተምር» ብለን ጽፈን አልፈናል። በሌላው ትምህርት ቤት ደግሞ የወንዴና የሴቴ አበባ ሥዕል በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሥለን ፈተና አልፈናል። ሁለቱን አንድ ላይ አድርገን ጓሯችን ውስጥ ወዳለው ዛፍ ለመመልከት ግን አንድ እንግዳ ከዶሎ መምጣት ነበረበት!

እንግዲህ ነገሩ እንዲህ ነው። ተምር እንደ ከብት ነው፤ ወንዱ ለብቻው ዛፍ፣ ሴቷም ለብቻዋ ዛፍ ናት። ፍሬ የምትሰጠው ሴቷ ብቻ ናት። ከዘር የሚበቅሉት ችግኞች በግምት ግማሾቹ ወንድ ይሆናሉ፤ እስኪያብቡ ድረስም በዓይን መለየት አይቻልም። ለማበብ ደግሞ ከዘር የበቀለ ዛፍ ብዙውን ጊዜ ከስድስት እስከ አሥር ዓመት ይፈልጋል። ስለዚህ አንድ ዘር ብቻ ያበቀለ ሰው ገበያ ወጥቶ ዓይኑን ጨፍኖ ጥጃ እንደገዛ ሰው ነው።

ሴቷም ብትሆን ብቻዋን አትበቃም። ነፋስ የወንዱን ብናኝ ጥቂት ያደርስላታል፤ ጥሩ ምርት የሚፈልግ ግን በእጁ ማዳቀል አለበት። ይህ ከጥንት ባቢሎናውያን ዘመን ጀምሮ ሲሠራበት የኖረ ጥበብ ነው። አንድ ወንድ ዛፍ ለአርባና ለሃምሳ ሴቶች የሚበቃ ብናኝ ስለሚሰጥ፣ ትልልቅ እርሻዎች ጥቂት ወንዶችን ብቻ አስቀርተው የቀረውን ቦታ ለሴቶቹ ይለቃሉ። ብናኝ ያልደረሰው የሴት አበባ ሁልጊዜ ባዶውን አይረግፍም። እያንዳንዷ አበባ ውስጥ ሦስት ትንንሽ የፍሬ ክፍሎች አሉ፤ ስትዳቀል አንዱ ብቻ አድጎ ተምር ይሆናል፣ ሁለቱ ይረግፋሉ። ሳትዳቀል ስትቀር ሦስቱም ተጣብቀው ያድጉና ትንንሽ፣ ዘር የሌለው፣ ጣዕም የሌለው ነገር ይሆናሉ። የሐዲሱ «ሺስ» ይኸው ነው። እንግዳችን በዶሎ ዘመዶቻቸው ግቢ ያሉት ሁለት ዛፎች ለዓመታት የሚሰጡት ይህንኑ እንደነበር ነገሩን። «ፍሬው ሦስት ሦስት እየሆነ ይንጠለጠላል፤ ፍየል እንኳ አይበላውም» አሉ። ለካስ በዚያ ሴቶቹ ወንድ አጥተው፣ በእኛ ወንዱ ሴት አጥቶ ቆመው ኖረዋል።

ሌላው ብዙ ቤተሰብ የማያውቀው ነገር ከዘር የሚበቅለው ዛፍ የእናቱን ዓይነት የማይተካ መሆኑ ነው። የዐጅዋ ዘር ዐጅዋ አይሆንም፤ የመጅሁል ዘር መጅሁል አይሆንም። ሴት ሆና ብታፈራ እንኳ ፍሬዋ የራሷ ነው፤ ሊጣፍጥም፣ ሊጎመዝዝም ይችላል፤ ብዙውን ጊዜ ከበላነው ያንሳል። እነዚህ ስመ ጥር ዓይነቶች ለብዙ መቶ ዓመታት ሳይለወጡ የኖሩት ከእናቲቱ ሥር በሚወጣ ቡቃያ እየተባዙ ነው። ቡቃያው የእናቱ ቁርጥ ነው፤ የሴቷ ሴት፣ የዐጅዋውም ዐጅዋ ይሆናል። ዓረቦች «ፈሲላህ» ይሉታል። ይህን ቃል አንባቢዎቻችን ታውቁታላችሁ፤ ቂያማ ሊቆም እያለ በእጁ ፈሲላህ ያለው ሰው መትከል ከቻለ እንዲተክላት የሚያዘው ሐዲስ ላይ ያለው ይኸው ቃል ነው። እኛ በተለምዶ «ችግኝ» ብለን እንተረጉመዋለን፤ የመዲና ሰው ግን ሲሰማ በዓይነ ሕሊናው የሚመጣለት የተምር ቡቃያ ነው።

የሰልማን አል-ፋሪሲም (ረ.ዐ.) ታሪክ በዚህ ዓይን ሲነበብ ይበልጥ ይገባል። ሰልማን ከባርነት ነጻ ለመውጣት ከጌታው ጋር የተዋዋለው ሦስት መቶ የተምር ችግኝ ለመትከልና አርባ ወቄት ለመክፈል እንደነበር የሲራ ጸሐፊዎች ይዘግባሉ። ሶሃባዎቹ እንደየአቅማቸው ሠላሳም፣ ሃያም፣ አሥራ አምስትም፣ አሥርም ችግኝ አዋጡለት። ጉድጓዱን ሰልማን ቆፈረ፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በእጃቸው ተከሉ፤ አንድም አልደረቀ። ለዚህ ሥራ የተዋጣው የተምር ዘር ሳይሆን ተነቅሎ የሚተከል ችግኝ መሆኑን ልብ ይሏል። ዘርማ ቢሆን ኖሮ ከየማዕዱ ሥር በአንድ ቀን ተለቅሞ ሦስት መቶ በሞላ ነበር።

ስለ ዘር ካነሳን አይቀር አንድ የሚያስደንቅ ነገር እንጨምር። በሙት ባሕር አጠገብ በማሳዳ ፍርስራሽ ውስጥ የተገኘና ሁለት ሺህ ዓመት ገደማ ዕድሜ ያለው የተምር ዘር እ.ኤ.አ. በ2005 ተተክሎ በቅሏል። የዓለም ጋዜጦች ሁሉ ጻፉለት። ሲያብብ ጊዜ ግን እንደኛው ዛፍ ወንድ ሆኖ ተገኘ! በኋላ ከዚያው አካባቢ ከተገኙ ሌሎች ጥንታዊ ዘሮች ሴት ዛፍ ስለበቀለች፣ በእርሱ ብናኝ ተዳቅላ እ.ኤ.አ. በ2020 ፍሬ ሰጠች። ሁለት ሺህ ዓመት የቆየ ዘር ወንድ ከሆነ፣ የእኛ አሥራ ሦስት ዓመት ቆይቶ ቢያሳፍረን አይገርምም።

አሁን ወደ አገራችን አየር እንምጣ፤ ከሁሉ ይልቅ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና። ዓረቦች ስለ ተምር ሲናገሩ እግሩ ውሃ ውስጥ፣ አናቱ እሳት ውስጥ መሆን እንዳለበት ይናገራሉ። ሥሩ ውሃ ይወዳል፤ አበባውና ፍሬው ግን ዝናብ አይወዱም። አበባው ሲፈነዳ የሚጥል ዝናብ ብናኙን ያጥበዋል፤ ፍሬው ሲበስል የሚጥል ዝናብ ፍሬውን ይሰነጥቀዋል፣ ያሻግተዋል። በአገራችን ተምር በስፋት የሚታወቀው በአፋር፣ በአሳይታና በአፋምቦ በኩል መሆኑ ያለ ምክንያት አይደለም፤ እዚያ ሙቀቱም፣ ድርቀቱም፣ የአዋሽ ውሃም አለ።

ነጌሌ ግን ከ1,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች፣ ማታ ማታ ቀዝቀዝ የምትል ከተማ ናት። ዝናቧም ሁለት ጊዜ ነው፤ ገና ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ ሐገያ ከመስከረም እስከ ኅዳር። ተምር ከጥር እስከ መጋቢት ያብባል፤ ከተዳቀለ በኋላ ለመብሰል ስድስት ወር ያህል ይፈልጋል። ቁጠሩት። አበባው ከገና ይጋጫል፤ ፍሬው ሊበስል ሲል ከሐገያ ይጋጫል። ስለዚህ በነጌሌ የተተከለ ተምር ያድጋል፣ ጥላ ይሰጣል፣ ግቢ ያስጌጣል፤ ጥሩ ደረቅ ተምር ግን በየዓመቱ ይሰጣል ብሎ ቃል የሚገባላችሁ ሰው ካለ አትመኑት። ወደ ታች፣ በፊልቱ በኩል ወርዳችሁ ገናሌና ዳዋ ወደሚገናኙበት ወደ ዶሎ ስትደርሱ ነገሩ ሌላ ነው። ሙቀቱ ይበረታል፣ ዝናቡ ይሳሳል፣ የወንዝ ውሃ ቅርብ ነው። በዚያ ለሚኖሩ ቤተሰቦች ተምር መትከል ከጌጥ ያለፈ ሥራ ሊሆናቸው ይችላል። በእነዚህ ወንዞች ዳር ግንዱ ለሁለት እየተከፈለ የሚያድገውን፣ ዓረቦች ዱም የሚሉትን ዘንባባ ያየ ሰው ምድሪቱ ለዚህ ወገን ዛፍ እንግዳ እንዳልሆነች ይረዳል።

ከነጌሌ በላይ፣ በደጋማውና በዝናባማው ደን በኩል ላላችሁ ደግሞ የተምር የቅርብ ዘመድ አለላችሁ። በአማርኛ ዘንባባ ወይም ሰሌን፣ በኦሮምኛ ሜጢ የሚባለው ነው። በእርጥብ ደን ውስጥና በወንዝ ዳር ይበቅላል፤ የምንሰግድበት ሰሌን የሚሠራው ከቅጠሉ ነው። ፍሬው ትንሽና ሥጋው ስስ ቢሆንም ልጆችና ዝንጀሮ ይወዱታል። ውሃ የሚተኛበትን መሬት የሚችል፣ ከአንድ ሥር ብዙ ግንድ የሚያወጣ ዛፍ ነው። ዝናብ ላለበት አገር ከዐጅዋ ዘር ይልቅ ይህ ይሻላል፤ ዐጅዋ አይደለም ብሎ የሚንቀው ካለ ግን የሰሌኑን ዋጋ ገበያ ወጥቶ ይጠይቅ።

ዘር መትከል ለምትፈልጉ፣ በተለይ ለልጆቻችሁ ስትሉ፣ ሥራው ቀላል ነው። ዘሩን ሥጋው ጨርሶ እስኪለቅ ድረስ እጠቡት፤ ስኳር ከቀረበት ጉንዳንና ሻጋታ ይጠራል። ሁለት ቀን ውሃ ውስጥ አቆዩት፤ ውሃውን በየቀኑ ቀይሩለት። ከዚያ በእርጥብ የጥጥ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ሞቅ ያለ ቦታ፣ ለምሳሌ ከማድ ቤቱ ግድግዳ አጠገብ አስቀምጡት። በሁለት ሳምንትም በሁለት ወርም ሊበቅል ይችላል፤ በፋብሪካ በከፍተኛ ሙቀት ውስጥ ያለፈ ተምር ከሆነ ጨርሶ ላይበቅልም ይችላል። ከዘሩ የሚወጣው ነጭ ጣት መጀመሪያ ወደ ላይ አይወጣም፤ ወደ ታች ይቆፍራል። አባታችን የተሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ያ የዘይት ቆርቆሮ ጥልቀት አልነበረውም። የአምስት ሊትር የዘይት ጄሪካን አናቱን ቆርጣችሁ፣ ከሥሩ በስታችሁ፣ አሸዋ የበዛበት አፈርና የቆየ ፍግ ሙሉበትና ዘሩን በጎኑ አጋድማችሁ የአንድ ጣት አንጓ ያህል ቅበሩት። የመጀመሪያው ቅጠል አንድ ብቻውን፣ ልክ እንደ ሣር ሆኖ ይወጣል። ልጆች አረም መስሏቸው የሚነቅሉት ያን ጊዜ ነውና አስቀድማችሁ ንገሯቸው። የተሰነጠቀው፣ ላባ የመሰለው ቅጠል የሚመጣው ከአንድ ዓመት በኋላ ነው።

አንድ ብቻ አትትከሉ። ተማሪዎቻችን ይህን እንደ ሒሳብ ጥያቄ ይሥሩት፦ ወንድና ሴት እኩል ዕድል ካላቸው፣ ከአራት ችግኞች ቢያንስ አንድ ወንድና አንድ ሴት የመገኘቱ ዕድል ስንት ነው? መልሱ ከ16 ውስጥ 14 ነው። ከሁለት ችግኝ ግን ዕድሉ ግማሽ ብቻ ነው። ግቢያችሁ አራት ካልቻለ ከጎረቤት ጋር ተከፋፈሉት፤ ብናኝ አጥር አያግደውም።

ወደ መሬት የምታዛውሩት ዓመት ከሞላው በኋላ፣ በእኛ በኩል በገና መግቢያ ቢሆን መልካም ነው። ጉድጓዱ በሁሉም በኩል አንድ ሜትር ይሁን፤ ከግድግዳና ከመተላለፊያ ራቅ ይበል፤ ከአንዱ እስከ ሌላው ስምንት ሜትር ይኑር። ከቅጠሉ ግርጌ ያለው እሾህ ብርቱ ነውና ልጆች ከሚሮጡበት ቦታ አትትከሉት። ስትተክሉ የዛፉን ልብ፣ ቅጠሎቹ የሚወጡበትን መሐል፣ አፈር አታልብሱት፤ ውሃም አይግባበት። ሌላው ዛፍ አንዱ ቅርንጫፉ ቢሞት በሌላው ይቀጥላል፤ የተምር ግንድ ግን አንድ ልብ ብቻ ነው ያለው፤ እርሱ ከበሰበሰ ግንዱ አለቀለት። በመጀመሪያዎቹ ወራት በየሁለት ቀኑ አጠጡት፤ ሥር ከያዘ በኋላ በሳምንት አንዴ ይበቃዋል። የውዱእ ውሃ ይስማማዋል፤ ተምር ጨዋማ ውሃን እንኳ ከብዙ የፍሬ ዛፎች በተሻለ ይችላል። ዙሪያውን በግራር እሾህ እጠሩት፤ የፍየልን ነገር ከነገርናችሁ በላይ ታውቁታላችሁ።

ቡቃያ የማግኘት ዕድል ያላችሁ ደግሞ ከእናቱ ጋር ሦስት ዓመትና ከዚያ በላይ የቆየ፣ የራሱን ሥር ያወጣ ይሁን። ከውጭ አገር በሻንጣ ይዞ መምጣት ግን አይገባም። ቀይ የተምር ነቀዝ የሚባለው ተባይ ከደቡብ እስያ ተነስቶ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. የባሕረ ሰላጤውን አገሮች የወረረው በተጓዘ ችግኝና ቡቃያ ተሸሽጎ ነው። ግንዱን ከውስጥ ይበላዋል፤ በውጭ ሲታይ ዛፉ ደህና ይመስላል።

እንግዳችን ያን ዕለት ጧት መሰላል አስመጥተው ገና መሰንጠቅ የጀመሩትን ሁለት ሰገባዎች ቆረጡ። ዘለላውን በጥላ አድርቀው በጋዜጣ ጠቀለሉት። ፌስታል አቅርበን ነበር፤ «ይታፈንና ይሻግታል» ብለው መለሱት። ዶሎ ሲደርሱ የሴቶቹ ሰገባ በተከፈተ በሁለተኛው ቀን፣ ሦስት አራት የወንድ ዘለላ በሴቷ አበባ መሐል ገልብጠው አስገብተው በቅጠል አሰሩት። ሥራው ይኸው ነው። ከተከፈተ ሳምንት ካለፈው አበባው አይቀበልም፤ ቀደም ብሎ የደረሰ ብናኝ ካለም በደረቅና ቀዝቃዛ ቦታ ይቆያል።

በዚያው ዓመት ነሐሴ በአንድ የጭነት መኪና ሾፌር እጅ አንድ ኪሎ የማይሞላ ተምር ደረሰን። ከብቱን የጨረሰው ድርቅ ለተምሩ ተስማምቶት ነበር። ፍሬው ከመዲናው ያንሳል፣ ዘሩ ትልቅ ነው፣ ጣፋጭነቱም መካከለኛ ነው። ጥቂቶቹ ገና ያልደረቁ፣ ለስላሳ ሩጠብ ነበሩ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሲያፈጥሩ ከተምር ያስቀድሙት የነበረው ሩጠብ ምን እንደሚመስል በዕድሜያችን ለመጀመሪያ ጊዜ አየን። እናታችን አንዱን ለሰኞ ጾማቸው አስቀመጡ። ወንድማችን ከሁሉ ያነሰችውን መርጦ በላና ዘሯን ወደ ጓሮ ይዟት ወጣ፤ መጥረቢያው ያን ሳምንት ለማገዶ ዋለ።

እንግዲህ ለጠያቂያችን ወንድም መልሳችን ይህ ነው። ዛፍዎን አይቁረጡት፤ እስከሚመጣው ጥር ይታገሱ። ሰገባው ሲሰነጠቅ ቀርበው ይመልከቱ። አጠር ሰፋ ካለ ሰገባ ውስጥ ነጭ፣ ጥቅጥቅ ያለ፣ ትንንሽ ከዋክብት የመሰለ አበባ ወጥቶ ሲነኩት ብናኝ ከረገፈ ወንድ ነው። ረዘም ካለ ሰገባ ውስጥ ራቅ ራቅ ብሎ የተሰካካ፣ ቢጫ አረንጓዴ ዶቃ የመሰለ ነገር ከወጣ ሴት ናት፤ እንደዚያ ከሆነ በአንድ ሳምንት ውስጥ ያስታውቁን፤ የእኛው ዛፍ በዚያው ወር ያብባል፣ በጋዜጣ ጠቅልለን እንልክልዎታለን። ወንድ ከሆነም ያስታውቁን፤ ዶሎ በኩል ያሉት ሴቶች አሁን አምስት ደርሰዋል።

ለባለቤትዎ ማድ ቤት ሌላ ቦታ ቢፈልጉላቸው ደግ ነው።